ሁለተኛው ሲም

በ2004 ዓ.ም. ገደማ ይመስለኛል፣ አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አንድ የሞባይል ቀፎ በሰው እጅ ላከልኝ። ቀፎው ለዓይን የሚያጠግብ ነበር። ለበዓል ሮቢት ይዤው ስገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየተቀባበለ አገላበጠው። ሲም ካርዴን ከአሮጌው ቀፎ አውጥቼ ስከትበት ግን አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጻፈና ዝም አለ። በማግስቱ ቆቦ ሄጄ ለአንድ ሞባይል ሠሪ ልጅ ሰጠሁት። ልጁ ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን አወጣ፣ መለሰ፣ ቁጥር ነካካ፤ ከዚያ እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ተቆልፏል።»

«ተበላሽቷል ማለት ነው?»

«ኧረ ጤነኛ ነው። ጌታ አለው እንጂ። እዚያ ከሸጠው ኩባንያ በቀር የሌላ ሲም አይቀበልም።»

«ጌታ አለው» ያላት ቃል ለረጅም ጊዜ ስትከነክነኝ ኖረች። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው፣ ከዚያም ለዘመዱ የሰጠው ዕቃ እንዴት ሌላ ጌታ ይኖረዋል? ኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ የንግድ ብልሃት ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች ቀፎውን በርካሽ ይሰጡና ደንበኛውን ለዓመት ለሁለት ዓመት በውል ያስሩት ነበር፤ ውሉን ጥሎ እንዳይሄድ ቀፎውንም ይቆልፉት ነበር። ደንበኛው ግዴታውን ከጨረሰ በኋላ ቀፎውን አስከፍቶ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዲሄድ በግልጽ የሚፈቅድ ሕግ እዚያ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ስል የእኛን አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።) የቆቦው ልጅ ግን ሕጉን አልጠበቀም። ለአንድ ሌሊት አሳድሮ ከፍቶ ሰጠኝ። እንዴት እንደከፈተው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ይሁንና ጥያቄው የቀፎ ብቻ አይደለም። ከአንዱ ባለቤት መስመር ወደ ሌላው ባለቤት መስመር የሰው ድምፅ እንዴት ይሻገራል? ማን ይፈቅዳል? ማንስ ይከለክላል? ይህ ሽቦ ከተዘረጋበት ቀን ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በአገራችንም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ኩባንያ ሲመጣ የተጀመረ አይደለም።

ፈረንጆቹ መጀመሪያ ችግሩን የፈቱበት መንገድ ሳቅ ያስመጣል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ የቴሌግራፍ ሽቦ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የጎረቤቱ የባደን ግዛት ሽቦም ከወዲያ በኩል መጥቶ ይቆማል። ስለዚህ ስትራስቡርግ ከተማ የጋራ ቢሮ ተከፈተና አንድ ፈረንሳዊና አንድ የባደን ጸሐፊ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው ተቀመጡ። ከፓሪስ በመብረቅ ፍጥነት የመጣውን መልእክት ፈረንሳዊው በወረቀት ላይ ይጽፈዋል፤ ወረቀቱን በእጁ ለባልደረባው ያቀብለዋል፤ ያኛው ደግሞ ወደ ጀርመንኛ ይመልሰውና በራሱ ሽቦ ይሰደዋል። ያን ሁሉ አገር በቅጽበት ያቋረጠ ቃል አንዲት ጠረጴዛ ለመሻገር የሰው እጅ ይጠብቅ ነበር። ይህን ጣጣ ለማስቀረት 20 የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1865 ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የቴሌግራፍ ኅብረት መሠረቱ። ኢትዮጵያ የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ጠረጴዛዋ ዛሬም አልጠፋችም፤ መልኳ ተለወጠ እንጂ። ወደኋላ እንመለስባታለን።

ወደ ራሳችን አገር እንምጣ። ራስ መኰንን ከኢጣልያ ይዘውት ስለመጡት ስልክና ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው ስለ ማጉረምረማቸው የሚነገረው ወግ ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ አልደግመውም። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አጤ ምኒልክ ከሞቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ሦስት ባለቤት ያላቸው ሦስት ሽቦዎች ተገናኝተው ነበር።

የመጀመሪያው የመንግሥት ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለተኛው የባቡር ኩባንያው ነው። ኩባንያው ከጅቡቲ ሐዲዱን ሲያነጥፍ ጎን ለጎን የራሱን ሽቦ እየዘረጋ መጣ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሦስተኛው ለእኛ ለሰሜኖቹ የሚቀርበው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 የጣልያን ባለሙያዎች ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ መስመር ዘረጉ። ልብ ይባል፤ ይህ የሆነው ከዐድዋ ድል በኋላ በስምንት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ትናንት መድፍ የጎተተ እጅ ዛሬ የስልክ እንጨት ሲተክል ምኒልክ ዝም ብለው ያዩት ከየዋህነት አይመስለኝም። አንዱን በር ለፈረንሳይ፣ ሌላውን ለኢጣልያ ከፍተው፣ ሦስተኛውን ለራሳቸው ይዘው፣ ማንም ብቻውን አገሪቱን አንቆ እንዳይይዝ ያሰቡ ይመስላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ከሰውየው ጠባይ ጋር የሚሄድ ግምት ነው።

የእነዚያ ሽቦዎች ዕድሜ ቀላል አልነበረም። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ሽቦውን ለጌጥ የፈለገ ሰው እየቆረጠ አምባር ያደርገዋል። መስመር በየጊዜው መቋረጡ የዘመኑ የዘወትር ስሞታ ነበር። እንዲህም ሆኖ ምኒልክ ከሩቅ ሹሞቻቸው ጋር በሽቦ ይነጋገሩ ነበር፤ «ስልከኛ» የሚባል አዲስ ባለሙያም በአገሩ ተፈጠረ። ከስልከኛው ቀጥሎ የመጣው ቃል «ማዞሪያ» ነው። እኔ በግሌ ከቴሌኮሙኒኬሽን ቃላት ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ውስብስቡን ነገር በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ከአንዱ ሽቦ የመጣውን ድምፅ ወደ ሌላው የሚያዞር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ሽቦው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አንድ እጅ ገባ። በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ መስመሮቹን ለማደስም ከዓለም ባንክ ብድር መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የስም ለውጥ ታሪክ ነው። ቦርድ፣ አገልግሎት፣ ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ ከኅዳር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ስያሜ ከምንም ሳይቆጥር «ቴሌ» እያለ ኖረ። በእነዚያ ሰባ ዓመታት «የማን መስመር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ።

በዚያ ዘመን ከትንሽ ከተማ ስልክ መደወል ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ስልክ ቤት ትሄዳለህ፣ ትመዘገባለህ፣ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ። የማዞሪያ ሠራተኛዋ «ወልዲያ! ወልዲያ! ደሴን ስጪኝ!» እያለች ትጮሃለች። ተራህ ሲደርስ አንተም ትጮሃለህ። ቤቱ የሞላው ሰው ልጅህ መታመሙን፣ ገንዘብ አለመላኩን፣ ማሽላው በቢራቢሮ ትል መበላቱን አብሮህ ይሰማል። ጉዳይህ ለአገሩ ሁሉ የተገለጠ ነው። ቢሆንም ማዞሪያዋ ሰው ነበረችና የሚለመን ነገር ነበራት። ሞባይል ያጠፋው አንዱ ነገር ይህ ልመና ነው።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሲም ካርድ ለማግኘት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ያን ጊዜ በአገር ውስጥ ሌላ ኩባንያ ቢኖርስ ኖሮ ያሰኛል። መልሱን ግን ኋላ የመጣው ዘመን ሰጥቶናል።

ወደ ሬቱ ቆላ ሞባይሉ ሲወርድ አንድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ቴሌ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ቤት ውስጥ ሁለት የማይግባቡ ቋንቋዎች ገቡ። አንደኛው ጂኤስኤም የሚባለው ነው፤ የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ተመካክረው ያወጡት፣ አንድ ቀፎ በብዙ አገርና በብዙ ኩባንያ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሲም ካርድ የምንላት ትንሽ ሳንቲም መሳይ ነገር የዚህ ሐሳብ ልጅ ናት። ቀፎው የሰውየው ንብረት ይሁን፣ ደንበኝነቱ ደግሞ ተነቅሎ በሚወጣ ካርድ ይያዝ ተባለ። ሁለተኛው ሲዲኤምኤ ነው፤ ለገጠር ስልክ በሚል የመጣው ይህ ነበር። የሲዲኤምኤው ቀፎ የሞባይሉን ሲም ቢሰጡት አይነጋገርም። በአሜሪካም አንዳንዶቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ይህንኑ ሥርዓት ይጠቀሙ ስለነበር፣ ከዚያ በስጦታ መጥተው ሲም ማስገቢያ እንኳ ያጡ ስንት ቀፎዎች በየመሳቢያው የልጆች መጫወቻ ሆነው ቀርተዋል። ጠጋኙም «ይኼስ መከፈቻም የለው» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሕጋዊ መንገድ ያልገባና ያልተመዘገበ ቀፎ ከነጭራሹ እንዳይሠራ የሚያደርግ የምዝገባ ሥርዓት መጣ። ቁልፉ ከአሜሪካ ወደ እኛ ተዛወረ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያች ጠረጴዛ እንመለስ። በእያንዳንዱ ሲም ካርድ ውስጥ ባለቤቱ የማያየው አንድ ረጅም ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የኢትዮጵያ 636፣ የሳዑዲ ዐረቢያ 420 ነው። ቀጥሎ ያሉት ኩባንያውን ይናገራሉ። ቀፎው ሲበራ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይህን ቁጥር ለቅርቡ ማማ መንገር ነው። ቁጥሩ የማማው ባለቤት ደንበኛ ካልሆነ፣ ማማው ወደ ካርዱ አገር ይልክና «ይህ ሰው የእናንተ ነው? ሒሳቡንስ ትከፍላላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ መስመር ይሰጣል። በአንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ኩባንያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ሲደውል ጥሪውን ያስነሳው ኩባንያ ተቀባዩን ኩባንያ በደቂቃ ተሰልቶ ይከፍለዋል። የስትራስቡርጎቹ ሁለት ጸሐፊዎች እነሆ ዛሬም ተቀምጠዋል። ውል ካላቸው ወረቀቱን ይቀባበላሉ፤ ውል ከሌላቸው ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

በዚህ መሀል አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን ያጥለቀለቁት እንደ ቴክኖ ያሉ ቀፎዎች ሁለት ሲም የሚይዙ ነበሩ። ቀፎዎቹ የታሰቡት እንደ ናይጄሪያና ኬንያ ላሉ አገሮች ነው፤ እዚያ ኩባንያው ብዙ ነው፣ በአንዱ ኩባንያ ውስጥ መደወል ይረክሳል፣ ወደ ሌላው ይወደዳል፣ ሰውም ሁለት ሲም ይዞ እያፈራረቀ ይደውላል። እኛ አገር ያለው ኩባንያ አንድ! እንግዲህ አንድ በር ላለው ቤት ሁለት ቁልፍ ገዛን። ብዙው ሰው ሁለተኛውን ማስገቢያ ባዶ ተወው።

ራያ ላይ ግን ባዶ አልቀረም። ከቆቦና ከሮቢት፣ ከጎብዬም ከገጠሩም ወጣቱ በአፋር አድርጎ፣ ጅቡቲን ተሻግሮ፣ በባሕር የመን ገብቶ ወደ ሳዑዲ ሲጎርፍ ኖሯል። የዚህ መንገድ ታሪክ በሲም ካርድ ሊጻፍ ይችላል። ልጁ ከቤቱ ሲወጣ 09ኙ ይሠራል። አፋር በረሃ ውስጥ ይጠፋል። ጅቡቲ ሲደርስ በሰው ስልክ፣ በማይታወቅ ቁጥር አንዲት ደቂቃ ይደውላል። ከዚያ ባሕሩ ነው፤ ባሕር ላይ ማማ የለም። ከዚያ የመን ነው፤ እዚያ ስልኩን የሚይዘው ደላላው ነው። ከሁሉ በኋላ በ966 የሚጀምር ቁጥር ቤት ውስጥ ሲያቃጭል እናት እልል ትላለች። ሂሳብ እንዳይቆጥር አንድ ጊዜ አስጩኾ መዝጋትም የራሱ ቋንቋ ሆነ፤ አንድ ጩኸት «ደህና ነኝ»፣ ሁለት ጩኸት «ደውሉልኝ»፤ በየቤቱ የተስማሙበት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ ከአንዲት ፌስታልና ከአንድ ቀፎ በቀር የያዙት አልነበረም። በቀፎው ውስጥ ያለው ሲም የጅዳ ወይም የሪያድ ነበር።

ከጎረቤቶቻችን የአንዷ እናት ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። መጣ፣ ሰባት ስምንት ወር ተቀመጠ፣ ተመልሶ ሄደ። ሲሄድ ቀፎውን ለእናቱ ተወላቸው። በአንደኛው ማስገቢያ የራሳቸውን 09 ከተተላቸው፤ በሁለተኛው የሳዑዲዋ ሲም እንደነበረች ቀረች።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ የሽቦው ጥያቄ የሞትና የሕይወት ሆነ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ከዓለም ተቆረጠች፤ ከአላማጣ ወዲያ ዘመድ ያለው የቆቦ ሰው የዘመዱን ድምፅ አጣ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ሲወርድ ዝምታው ወደ እኛ ተሻገረ። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆቦ ውስጥ በትግራይ ኃይሎች የተገደሉትን ሲቪሎች ጉዳይ ሂዩማን ራይትስ ዎች መርምሮ አውጥቶታል። ውጭ ያለነው ግን በዚያን ቀን የምናውቀው ነገር አልነበረም። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ አዲስ ዓመት የዋልኩት ስልክ እየደወልኩ ነው። አንድም አልገባም። ወሬ የምናገኘው በእግሩ ወጥቶ ደሴ ከደረሰ ሰው ነበር። ይኸውና ስልከኛው ከመምጣቱ በፊት ወደነበረው ዘመን፣ መልእክተኛ በእግሩ ወደሚሮጥበት ተመለስን።

በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ መንግሥት ሁለተኛ የቴሌኮም ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። የኬንያው ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞና የእንግሊዙ የልማት ገንዘብ ድርጅት ያሉበት ጥምረት ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። መሠረቱ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ነው፤ ገበያውን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚሁ ነው። ኩባንያው በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሥራውን በሙከራ የጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው። ቀኑ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። የምኒልክ ዘመን የባቡር ኩባንያ ሽቦ ባለፈባት በዚያችው ድሬዳዋ መሆኑ የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ቀኑን ደግሜ ላንሳው፤ ነሐሴ 23። ከአምስት ቀን በፊት፣ ነሐሴ 18፣ በቆቦ አቅራቢያ ጦርነቱ እንደገና ተቀስቅሷል። ከሁለት ቀን በፊት፣ ነሐሴ 21፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራዊቱን ከቆቦ ማስወጣቱን አስታውቋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድሬዳዋ ላይ ሕዝቡ ሁለተኛ ሲም ለመግዛት ሲሰለፍ፣ ራያ ላይ አንደኛውም አይሠራም ነበር። ሁለቱን ዜና በአንድ ቀን ሬዲዮ የሰማሁ ሰው ነኝና፣ አንዱን ለማመን ሌላውን መርሳት ግድ ሆኖብኝ ነበር።

አዲስ ኩባንያ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። አዲስ አበባ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱ በይፋ ሲከፈት ያ ባዶ የነበረ ማስገቢያ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። 09ኙና 07ቱ ይደዋወላሉ። ሰው ቁጥሩን ሳይለቅ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር የሚያስችል መመሪያም ባለሥልጣኑ አውጥቷል። ነገር ግን ሁለት ሽቦ መኖሩና ሁለት በር መኖሩ አንድ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ያን ሰሞን ውጊያ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዷ ቆቦ ነበረች። የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ለወራት ዘለቀ። በአገሪቱ ሁለተኛ ኩባንያ መኖሩ መዘጋቱን አላስቀረም። የ1997ቱ ጥያቄዬ መልስ ይህ ነው። ምኒልክ ሦስቱን ሽቦ ለሦስት እጅ ሲከፋፍሉ የፈሩት የውጭውን እጅ ነው፤ እኛ የገጠመን ማዞሪያው ላይ የተቀመጠው እጅ ነው።

በሁለቱ ክረምቶች መካከል፣ በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ሮቢት ሄጄ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሦስት ወር አልሞላም፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ ስልኩም ይሠራል። ያቺን ጎረቤታችንን ልጠይቅ ገባሁ። ልጃቸው ከጦርነቱ በፊት ቁጥሩን ቀይሮ ነበርና በ09ኟ ደውሎ ያገኛቸው ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን አልደወለም። ቀፎው ሲበራ ሲጠፋ ያስቸግራል አሉኝና ጀርባውን ከፍቼ አየሁት። የሳዑዲዋ ሲም አለች። ወርቃማው ፊቷ ጠቁሯል። ሳይሞላት ስንት ዓመት ሆኗታል፤ ኩባንያው ቁጥሯን ለሌላ ሰው ሰጥቶት ይሆናል። ሁለት ካርድ ሲፈልግ ባትሪውን እየጨረሰ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ይቺ እኮ አትሠራም። ለምን አናወጣትም?»

እጃቸውን ዘርግተው ቀፎውን ተቀበሉኝና ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙት።

«አውቃለሁ ልጄ። ቁጥሯን ግን እሱ ያውቃታል።»